ርካሹ መፈልፈያ ስንት ያስወጣል?

ስለ ትዳርና ስለ ቤት አያያዝ ስናገር የምታውቁኝ እኅቶች ይህን ጽሑፍ ስታዩ «ደግሞ ስለ ዳክዬ ልትጽፍ ነው?» ሳትሉ አትቀሩም። አዎን፣ ስለ ዳክዬ ነው። የዳክዬ እንቁላል በቤት ውስጥ ለማስፈልፈል ዋጋው የማይከብድ መሣሪያ እንዴት እንደሚመረጥ ልነግራችሁ ነው። ነገር ግን በዚህች መሣሪያ ውስጥ የአንድ ቤት ገንዘብና የባልና የሚስት መተማመንም አብሮ ስለ ገባ፣ እስከ መጨረሻው እንድታነብቡት እለምናችኋለሁ።

«ሰክቶ መርሳት»

የምንኖረው ሐዋሳ ነው። በ2014 ዓ.ም. በግቢያችን ሦስት ሴትና አንድ ወንድ ዳክዬዎች ነበሩን። ፔኪን የሚባሉት ነጫጮቹ ናቸው። የእነዚህ ጠባይ ብዙ እንቁላል መጣል ነው፤ ለመታቀፍ ግን ብዙም አይቀመጡም። እንቁላሉ ሲከማች ባየሁ ቁጥር «ይህ ሁሉ ጫጩት ቢሆን!» እያልኩ አስብ ነበር።

በዚያው ሰሞን ለዘመድ ሠርግ አዲስ አበባ ሄድኩ፤ መርካቶም ጎራ አልኩ። አንድ ሻጭ ቢጫ ማሽን አውጥቶ «48 እንቁላል ትይዛለች፤ ሁሉንም ራሷ ትሠራለች፤ ሰክቶ መርሳት ነው» አለኝ። ከዕቁብ የደረሰኝ፣ ለልጆቻችን የትምህርት ቤት ክፍያ ብለን ያሰብነው ገንዘብ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ለባለቤቴ ስልክ እንኳ ሳልደውል ገዛሁ። ቤት ስገባ «ስንት ገዛሽው?» ሲለኝ የዋጋውን ግማሽ ብቻ ነገርኩት። የመጋቢ ሚስት ሆኜ ይህን መጻፍ ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን እንዲህ ያደረግሁት እኔ ብቻ እንዳልሆንሁ ስለማውቅ እጽፈዋለሁ።

48 የተባለው የዶሮ እንቁላል ኖሮ፣ የዳክዬው ከ30 በላይ አልገባም። በ28ኛው ቀን ምንም አልተፈለፈለም። በ29ኛውና በ30ኛውም የለም። በ31ኛው ቀን ሦስት ጫጩቶች ወጡ፤ አንዱ በዚያው ዕለት ሞተ። የቀሩትን እንቁላሎች ስንከፍት በብዙዎቹ ውስጥ ላባ ያበቀሉ፣ ለመውጣት ጥቂት ቀን የቀራቸው ጫጩቶች ሞተው አገኘን። ታናሿ ልጃችን አለቀሰች። ባለቤቴም «ምን አልባት ገንዘቡ ብዙ ስላልሆነ አይክፋሽ» ብሎ ሊያጽናናኝ ሲሞክር፣ መሸከም አቃተኝና እውነተኛውን ዋጋ ነገርኩት። ጥቂት ዝም አለ። ከዚያም «የቀረውን ግማሽ ለመናገር ለምን ፈራሽኝ?» አለኝ። ለሞቱት ጫጩቶች ካለቀስኩት ይልቅ ለዚህ ጥያቄ ያለቀስኩት ይበዛል።

በዚያው ሳምንት ማታ ማታ ደብተር ይዘን ተቀመጥን። ግንብ ሊሠራ ስለ ተነሣው ሰው ጌታችን የተናገረውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ እኛ ወጪውን የቆጠርነው ግንቡ ከፈረሰ በኋላ ነበር። እናንተ ግን ሳትጀምሩ እንድትቆጥሩ፣ ያን ጊዜና ከዚያ ወዲህ የተማርነውን በየተራ አቀርብላችኋለሁ።

መጀመሪያ ዶሮዋን ጠይቁ

ማሽናችንን ያዩ አንዲት ጎረቤታችን እናት ስቀው «ልጄ፣ ዶሮ እያለች ለምን ሣጥን ገዛሽ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። የምትታቀፍ የሐበሻ ዶሮ ካለቻችሁ አምስት ወይም ስድስት የዳክዬ እንቁላል ልታስታቅፏት ትችላላችሁ። መብራት አትፈልግም፤ ሙቀቱንም ማንም ሳያስተካክልላት ታውቀዋለች።

ሁለት ነገር ብቻ አትርሱ። የዶሮ እንቁላል በ21 ቀን ሲፈለፈል የዳክዬው 28 ቀን ይፈጃል፤ ስለዚህ ዶሮዋ መጨረሻው ላይ ሰልችቷት እንዳትነሣ ጥሬና ውኃ አጠገቧ አድርጉላት። ደግሞም ዳክዬ ዋኝታ ስትመለስ በላባዋ እንቁላሏን ታረጥባለች፤ ዶሮ ግን ይህን አታደርግም። ስለዚህ በተለይ በመጨረሻው ሳምንት ለብ ያለ ውኃ በትንሹ እርጩበት።

ፊቷ ላይ ቀይ ሥጋ ያላት ሞስኮቪ የምትባለው ዳክዬ ደግሞ ራሷ ጎበዝ አቃፊ ናት። የራሷ እንቁላል 35 ቀን ያህል ይፈጅባታል፤ የሌላ ዳክዬ እንቁላል ብታስታቅፏትም አታሳፍራችሁም። እንግዲህ በአንድ ጊዜ ከአሥር በታች ጫጩት የሚበቃችሁ ከሆነ፣ የእናንተ ርካሽ መፈልፈያ ገበያ ላይ ሳይሆን ግቢያችሁ ውስጥ ነው። በአንድ ጊዜ ሃያና ከዚያ በላይ፣ ያውም ደጋግማችሁ ማስፈልፈል የምትፈልጉ ብቻ ወደሚቀጥለው እለፉ።

ገበያ ላይ የምታገኟቸው

1. በቤት የሚሠራ ሣጥን። ከፎም ወይም ከእንጨት ሣጥን፣ ከአምፖል፣ ከትንሽ ማራገቢያና ከሙቀት መቆጣጠሪያ ይሠራል። በዋጋ ከሁሉ የሚያንሰው ይህ ነው። አምፖሉ የድሮው ዓይነት፣ የሚሞቀው መሆን አለበት፤ ኃይል ቆጣቢው ያበራል እንጂ እንቁላል አያሞቅም። ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ሰው በቤታችሁ ከሌለ ግን እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል አልመክራችሁም።

2. ማራገቢያ የሌለው ትንሽ ማሽን። ዋጋው ቀላል ነው። ችግሩ ሙቀቱ ከላይና ከታች እኩል አለመሆኑ ነው። በእንዲህ ያለው ማሽን ሙቀቱ የሚለካው በእንቁላሎቹ አናት ትክክል ሲሆን፣ 38.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መሆን ይኖርበታል።

3. ማራገቢያ ያለውና ራሱ የሚያገላብጥ። ሙቀቱ በሁሉም ጥግ ተመሳሳይ ስለሚሆን 37.5 ዲግሪ ላይ ይያዛል። ለጀማሪ የሚቀለው ይህ ነው።

4. በመብራትም በባትሪም የሚሠራ። ከሦስተኛው ጋር አንድ ሆኖ ከኋላው ባለ 12 ቮልት ባትሪ መሰኪያ አለው። ሲገዛ ዋጋው ከፍ ይላል፤ መብራት ደጋግሞ በሚጠፋበት ሰፈር ግን ውሎ አድሮ ከሁሉም የሚረክሰው እርሱ ነው።

ገንዘቡን ሳትከፍሉ የምትጠይቁት

አንደኛ፣ «ስንት የዳክዬ እንቁላል ይይዛል?» በሉ። የዳክዬ እንቁላል ከ70 እስከ 90 ግራም ይመዝናል፤ የዶሮው 60 ግራም ቢደርስ ነው። ማሽኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር የዶሮ ስለሆነ ከሦስት አንድ እጁን ቀንሱለት። ሁለትና ሦስት የዳክዬ እንቁላል ይዛችሁ ሂዱና ማገላበጫው ላይ አስቀምጡ። ማሽኑ ሲዞር ከተጣበቀ ወይም ከተንከባለለ አይሆናችሁም።

ሁለተኛ፣ ማራገቢያውን በጆሯችሁ ስሙት፤ የሚንኳኳ ከሆነ ተዉት። መለዋወጫው እዚያው ሱቅ ይገኝ እንደሆነም ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ ውኃ የሚጨመረው ክዳኑ ሳይከፈት ከውጭ ይሁን። ክዳን በተከፈተ ቁጥር ሙቀትና እርጥበት ይወጣል።

አራተኛ፣ ክዳኑ ውስጡን የሚያሳይ ይሁን። ልጆች ባሉበት ቤት ይህ ቅንጦት አይደለም፤ ካልታያቸው ይከፍቱታል።

አምስተኛ፣ ውስጡ በቀላሉ የሚታጠብ መሆኑን እዩ። ፎም ርካሽ ነው፣ ሙቀትም ይይዛል፤ ነገር ግን ከተሰበረ እንቁላል የገባበት ቆሻሻ በቀላሉ አይለቅም። ያ ቆሻሻ ደግሞ የሚቀጥለውን እንቁላል ይበክላል።

ማሽኑ የሚነግራችሁን አትመኑ፤ ለኩ

የእኛን ጫጩቶች የገደለው ይህ ነበር። ማሽናችን 37.5 እያለ ውስጡ ግን ከ36 ብዙም አይበልጥም ነበር። ዘግይተው የወጡትም ስለዚህ ነው። ይህን ያወቅነው በኋላ ነው፤ ለመለካት ግን ምንም ወጪ አላስፈለገንም። በትንሽ ጠርሙስ ውኃ ሞልታችሁ በደንብ ክደኑና ባዶው ማሽን ውስጥ አሳድሩት። ጠዋት ክዳኑን ከፍታችሁ ወዲያው በሕፃናት ትኩሳት መለኪያው ውኃውን ለኩ። ማራገቢያ ባለው ማሽን 37.5 ዲግሪ አካባቢ ካላሳየ በልዩነቱ ልክ አስተካክሉ። ከልኩ መብዛቱ ከማነሱ ይልቅ አደገኛ ነው፤ 40 ዲግሪ ካለፈ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሁሉንም ሊጨርሳቸው ይችላል።

የእርጥበት መለኪያውንም እንዲሁ ፈትኑት። በጠርሙስ ክዳን ላይ ጨው አድርጉና ጥቂት የውኃ ጠብታ ጨምራችሁ እንደ ጭቃ እርጥብ ይሁን። ከመለኪያው ጋር አየር በማያስገባ ላስቲክ ውስጥ አሳድሩት። ጠዋት 75 በመቶ ማለት አለበት። 70 ካለ ሁልጊዜ አምስት እንደሚጎድለው እወቁ።

28ቱ ቀኖች ከቤታችሁ የሚጠይቁት

መብራት። ማሽኑ 80 ዋት ነው እንበል። ሳያቋርጥ ቢሠራ በቀን 1.92፣ በ28 ቀን ደግሞ 54 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ሙቀቱ ሲሞላ ስለሚጠፋ ከዚህ ያነሰ ነው የሚሆነው፤ እናንተ ግን በትልቁ አስሉት።

እንቁላል። አውራ ካላቸው ዳክዬዎች የተገኘ፣ ከተጣለ ከሰባት ቀን ያላለፈ፣ ያልተሰነጠቀ ይሁን። በመንገድ የመጣ ከሆነ ሹሉን ጫፍ ወደ ታች አድርጋችሁ አንድ ቀን አሳርፉት። በሰባተኛው ቀን ጨለማ ክፍል ውስጥ በባትሪ መብራት እዩት። እንደ ሸረሪት ድር የተሠራጨ የደም ሥር ከታየ ሕይወት አለው፤ ጠርቶ ከታየ አውጡት። የበሰበሰ እንቁላል ማሽኑ ውስጥ ሊፈነዳ ስለሚችል በ14ኛው ቀን ድገሙት።

ውኃ። እስከ 25ኛው ቀን እርጥበቱ 55 በመቶ አካባቢ፣ ከዚያ በኋላ 70 በመቶና ከዚያ ከፍ ያለ ይሁን። ከፍታ ያለው ቦታ የምትኖሩ ይህን ልብ በሉ፦ ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ናት፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር ታልፋለች። ከፍታ ሲጨምር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ከእንቁላሉ ውስጥ ያለው ውኃ በቅርፊቱ ቀዳዳዎች ቶሎ ይተናል። ልካችሁን የምታውቁት በወጥ ቤት ሚዛን ነው። 80 ግራም የነበረ እንቁላል በ25ኛው ቀን 70 ግራም አካባቢ ቢመዝን መልካም ነው። ከዚህ በጣም ካነሰ እርጥበት ጨምሩ፤ ከበለጠ ቀንሱ።

እጅ። ማሽኑ ራሱ የማያገላብጥ ከሆነ በቀን ሦስት ወይም አምስት ጊዜ እናንተ ታገላብጣላችሁ። በአንዱ ጎን መስቀለኛ፣ በሌላው ክብ ምልክት በእርሳስ አድርጉ። ቁጥሩ ጎዶሎ የሚሆነው እንቁላሉ ረጅሙን ሌሊት ሁልጊዜ በአንድ ጎን እንዳያድር ነው። ከስምንተኛው ቀን ጀምሮ ደግሞ ብዙ ዳክዬ አስፈልፋዮች በቀን አንድ ጊዜ ለአሥር ደቂቃ ያህል ከፍተው ለብ ያለ ውኃ ይረጩበታል፤ ዳክዬዋ ለመብላት ስትነሣ እንደምታደርገው ማለት ነው። በ25ኛው ቀን ማገላበጡም መክፈቱም ያበቃል። ጫጩቱ ቅርፊቱን ከበሳ በኋላ አንድ ቀን፣ አንዳንዴም ሁለት ቀን ሊቆይ ይችላልና ቸኩላችሁ አትቅደዱለት። የደም ሥሮቹ ገና ካልደረቁ ደሙ ፈስሶ ይሞታል።

መብራት ሲጠፋ

ይህን ጥያቄ ሳይመልስ ማሽን የገዛ ሰው በአገራችን ሁኔታ ዕጣ ጣለ ማለት ነው። መጀመሪያ አትደንግጡ፤ እንቁላል ለጥቂት ሰዓት መቀዝቀዝን ከመጠን በላይ ከመሞቅ ይልቅ ይችላል። ክዳኑን አትክፈቱ። የአየር ቀዳዳውን ሳትደፍኑ በብርድ ልብስ ሸፍኑት። መብራቱ ቶሎ የማይመጣ ከመሰላችሁ ሙቅ ውኃ የያዙ ጠርሙሶችን በጨርቅ ጠቅልላችሁ በዙሪያው አድርጉ።

የባትሪ መሰኪያ ካለው ደግሞ ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል። እንዳይበላሽ ግማሹን ብቻ ብትጠቀሙ ለ80 ዋት ማሽን ሰባት ሰዓት ተኩል ይሆናል። የባትሪውን ዋጋ ከማሽኑ ዋጋ ጋር ደምሩት። እኛ ስንደምረው «ርካሽ» ያልነው ማሽን ሌላ ስም አገኘ።

ከተፈለፈሉ በኋላስ?

በአገራችን ለበዓል «ዳክዬ አለ ወይ?» ብሎ በርህን የሚያንኳኳ ብዙ ሰው የለም። ዶሮ ገበያ ይዛችሁት ብትወጡ ይሸጣል፤ ዳክዬ ግን ገዢዋን አስቀድሞ ማወቅ ይጠይቃል። ለግቢ ውበት የሚፈልጋት፣ ለማርባት የሚገዛት ወይም ለምግብ የሚቀበላት ማን እንደሆነ ሳታውቁ 30 እንቁላል አትደርድሩ።

ጫጩቶቹ በመጀመሪያው ሳምንት 32 ዲግሪ ያህል ሙቀት ይፈልጋሉ፤ ከዚያ በየሳምንቱ በሦስት ዲግሪ ያህል ቀንሱላቸው። መኗቸው እንደ ዶሮ ጫጩት መኖ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ኒያሲን የሚባለውን ቫይታሚን ከዶሮ ጫጩት ይልቅ አብዝተው ስለሚሹ፣ ሲያንሳቸው እግራቸው ይጣመማል። ጥቂት የቢራ እርሾ መኖው ላይ መነስነስ ይረዳል። የሚጠጡት ውኃ አፍንጫቸውን የሚያጥቡበት ያህል ጥልቀት ይኑረው። ማሽን የፈለፈላቸውን ግን በመጀመሪያዎቹ ቀኖች እንዲዋኙ አትልቀቋቸው፤ ላባቸውን በቅባት የምታዘጋጅ እናት ስለሌለቻቸው ረጥበው በብርድ ይሞታሉ።

ሁለተኛው ዙር

እኛ ሌላ ማሽን አልገዛንም። ያችኑ ቢጫ ማሽን በጠርሙስ ውኃ ለክተን አስተካከልናት፤ ለዳክዬ እንቁላል የጠበበውን ማገላበጫ አወጣነው፤ እንቁላሎቹንም በጎናቸው አስተኛናቸው። የትምህርት ቤቱን ክፍያ ለመሙላት ባለቤቴ ሊገዛው ያሰበውን ጫማ ተወ፤ እኔም ሁለት ዙር ዕቁብ ሳልገባ ቀረሁ። ያለ ማገላበጫ ስለሆነ ሥራውን ተካፈልን። ለጸሎት ሌሊት 11 ሰዓት የሚነሣው እርሱ ስለሆነ የንጋቱ ማገላበጥ የእርሱ ሆነ፤ የቀኑ የእኔ፣ የማታው የልጆቹ።

24 እንቁላል አስገባን። በሰባተኛው ቀን አምስቱን ባዶ ሆነው ስላገኘናቸው አወጣን። በ28ኛው ቀን ሌሊት ባለቤቴ ቀሰቀሰኝና ሳንነጋገር በባትሪ መብራት ቆመን አየን። እስከ ማግስቱ ማታ 14 ጫጩቶች ወጡ። ሁሉን ነገር ደምረን ስናይ እስከ ዛሬ የሸጥነው የማሽኑን ዋጋ ገና አልሸፈነም፤ ይህንንም ሳልሸሽግ ደብተሩ ላይ ጽፌዋለሁ። ያ ደብተር አሁን ማሽኑ ክዳን ላይ ይቀመጣል፤ እርሱም እኔም እናነበዋለን።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ ወደ ገበያ ከመሄዳችሁ በፊት ዛሬ ማታ ልጆች ሲተኙ ሁለታችሁ ተቀመጡ። የማሽኑን፣ የባትሪውን፣ የመብራቱን፣ የመኖውን ዋጋ ጻፉ፤ ማን መቼ እንደሚነሣም ጻፉ። ድምሩ ከከበዳችሁ ዶሮዋ አለች። ከተስማማችሁም ግዙ፤ ደረሰኙንም ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡት።